ጠይቁኝ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፤
አስራ አራት ቁጥር ማሽን ሲሸምን ቆይቶ፣ ድንገት ድርቅ።
ዘምዘም ክሩን በጣቷ ዳብሳ፣ ቀና ብላ አየችኝና
«ክሩስ አልተበጠሰም» አለች፣ «ያንተው ጉድ ነው፤ ና።»

ላፕቶፔን የቀለም በርሜል ላይ፣ ገመዱን ከማሽኑ ሆድ፤
ከርነሉን ጠየቅሁት፦ የት ወደቅህ ስትሄድ?
ከመዝገቡ ቀና ሳይል፣ እንደ ቀበሌ ጸሐፊ፣
ቁጥር ብቻ ዘረገፈ፦ ሁለት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ኤፍ፣ ኤፍ።

ለሱ ቁጥሩ ይበቃዋል።
ከዚህ እስከዚህ የሞተር፣ ከዚያ እስከዚያ የሰዓት፣
የያንዳንዱን ዕቃ አጥር በጨለማም ያውቀዋል፤
ስም ቢሰጡት፣ ቢነፍጉት፣ አያጎድልበት ራት።

ስም የሚጻፈው ለእኛ ነው፤
በሌሊት ለሚመጣ፣ እንቅልፉ ለተሰረቀ ሰው።

ይህን ያስተማረኝ ደሴ ነው፣ ያደግሁበት ሆጤ።
በየበሩ የተመታ የቆርቆሮ ቁጥር አለ፤
ዝናብ አዝጎት፣ ቀለም ተቀብቶበት፣ ማን አንብቦት ያውቃል?
«የሼህ አወል ወፍጮ ጋ ስትደርስ ወደ ታች» ይባላል።
ወፍጮው ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ሼሁም አፈር ለብሰዋል።
ጉሙ ግን ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን ሲውጠው፣
ሚስቱን ምጥ ይዟት አዋላጅ ፍለጋ የሚሮጠው
በዚያ በሌለ ወፍጮ ነው መንገዱን የሚያገኘው።

ወደ ዝርዝሩ ተመለስሁ፤ የወደቀበትን ቁጥር ይዤ
ረድፍ በረድፍ ወረድሁ፣ ዓይኔን ከጣቴ አያይዤ።
የሞተር፣ የሰዓት፣ የክር ዳሳሽ፣ የመብራት፤
እዚያ መሀል አንድ ክልል፣ አራት ሺህ ባይት ስፋት፣
በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፦ ጠይቁኝ።
ይኸን ጊዜ ነው ሳቅና ብስጭት እኩል የያዙኝ።

ሙህዲን ይመር። ከኔ በፊት የነበረው። ቦርዱን ከውዳቂ የገጣጠመው፣
ጡረታ ሲወጣ መፍቻዎቹን ለዘበኛው የሸለመው።
አዛን እስኪሰማ ቆየሁና ደወልሁ።
ድምፁ ከሐረጎ በላይ፣ ከብርዱ፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ መጣ፤
ቁጥሩን ሳልጨርስለት ሳቀ፤ ሳሉ ከሳቁ ቀድሞ ወጣ።

«እዚያ የእርጥበት መለኪያ ነበር። ተበላሸ፣ ነቀልነው።
ሽቦው ግን አልወጣም፤ ከፍሬኑ ጋር እንደታሰረ ነው።
ስም ያኖርሁበት ለዚያ ነው።
ስም የሌለው መሬት፣ ልጄ፣ አንድ ሌሊት ካደረ ቤት ይሠራበታል።
ማነው የሠራበት?»

ዝም አልሁ።
ባለፈው ወር፣ ዓርብ፣ ለመውጣት ስቸኩል፣
የምርት መቁጠሪያ ቦታ አጥቼ፣ ዝርዝሩን እንኳ ሳልከፍት፣
ሳላስፈቅድ፣ ሳላስመዘግብ፣ ያለ ስም፣ ያለ ምልክት
የሰፈርሁበት እኔ ነኝ። በየአስር ሺው ምት
ቁጥሬ ሞልቶ ሲፈስ፣ ፍሬኑን እየነካ፣
አንዲት ሴት ሦስት ሌሊት ሙሉ
ደኅና ክር ስትዳብስ ነበር ለካ።

«ጋሽ ሙህዲን፣ እኔ ነኝ» አልሁት።
«አውቄአለሁ» አለ፣ «ጥፋት የሌለበት ሰው
በዚህ ሰዓት አይደውልም።»

ቆጣሪዬን ነቅዬ ባዶ ወደሆነ ቦታ አዛወርሁ፤
ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይቼ።
ጠይቁኝ የሚለውን አልነካሁትም።
ከሱ ዝቅ ብሎ፣ ከአዲሱ ክልል ጎን፣
ቦርከና ላይ ሰማዩ ሲገረጣ፣
ስሜን ጻፍሁ፣ ከስልክ ቁጥሬ ጋር።

ማሽኑ አላነበበውም።
ዞረ።